የእቁቡ ገንዘብ፣ ሁለቱ ጀልባዎችና የባለቤቴ ፍርሃት

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

44 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በታውንሃውስ እንኖራለን። ልጆቹ 11 እና 8 ዓመታቸው ነው። ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ደብተሬን እንደያዝኩ የምገኘው አሞራ ገደል ነበር። መረብ ሲጎተት አግዤ በተሰጠችኝ ሁለት ቆሮሶ ቤት ስገባ፣ እናቴ ልትቆጣኝ ጀምራ ዓሣውን ስታይ ትተወኝ ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ 16 ዓመት ሞላኝ። የቀረልኝ ነገር ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቆሜ መንጠቆ መጣል ብቻ ነው። ሰዎች ጀልባቸውን ከመኪና ኋላ አስረው ሲያወርዱ ቆሜ ማየት ሰለቸኝ።

በዚህ ወር እቁብ ደረሰኝ፤ 12,000 ዶላር። ሁለት ጀልባ አይቻለሁ። ሁለቱም ሴንተር ኮንሶል የሚሏቸው፣ መሪው መሀል ላይ ሆኖ ዙሪያውን እየዞሩ የሚያጠምዱባቸው ናቸው። አንዱ 21 ጫማ፣ የ2003 ሥሪት፣ ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ኤቪንሩድ ሞተር፤ 11,500 ዶላር። ሌላው 17 ጫማ፣ የ2006 ሥሪት፣ ባለ አራት ስትሮክ ያማሃ 90፤ 9,200 ዶላር። መኪናችን የ2014 ቶዮታ ሲየና ናት። አብሮ አደጌ «ትልቁን ግዛ፣ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ፤ ትንሹን ብትገዛ በዓመቱ ይቆጭሃል» ይለኛል። ባለቤቴ ጭራሽ አልተስማማችም። «እኔ ዋና አልችል፣ አንተም እንደነገሩ ነህ፤ ልጆቼን ይዘህ የትም አትወጣም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ቤቱ ይቀዘቅዛል።

የ21 ጫማው ሻጭ «እስከ ቅዳሜ ካልመጣህ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሐዋሳው ልጅ፣ ከአሌክሳንድሪያ

*

ወንድሜ፣

ከባለቤትህ ልጀምር። ያንን ቃል የተናገረችህ ዕለት በትክክል የምትፈራው ምን እንደሆነ ጠይቀሃታል? ገንዘቡን ነው? ውሃውን ነው? ወይስ በሳምንት አንዴ የምታገኝህን ቀን ጀልባው እንዳይወስድባት ነው? ሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ ይፈልጋሉ። ገንዘቡ ከሆነ ወረቀት ላይ ሠርተህ የምታሳያት ሒሳብ አለ፤ ከታች አብረን እንሠራዋለን። ቀኑ ከሆነ በወር ስንት ጊዜ እንደምትወጣ ከአሁኑ ተስማሙ። ውሃው ከሆነ ግን እውነቷን ነው። ዋና የማይችል ቤተሰብ ሞገድ ያለበት ባሕር ላይ ሲወጣ አለመፍራት ነው የሚያስገርመው።

የእሷ ፍርሃት ምርጫህን ሊያቀልልህም ይችላል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት ርዝመታቸው ከ20 ጫማ በታች የሆነ ባለ አውትቦርድ (ሞተራቸው ከኋላ በውጭ የተንጠለጠለ) ጀልባዎች፣ ውሃ ቢሞላባቸው እንኳ ሳይገለበጡ አግድም ተንሳፈው እንዲቆዩ ሆነው መሠራት አለባቸው። ከወለሉ በታች የሚሞላው ፎም ሥራው ይህ ነው። ሰዎቹ የሚይዙት ነገር ያገኛሉ፣ እርዳታ እስኪደርስም አብረው ይቆያሉ። የ17 ጫማው እዚህ ግዴታ ውስጥ ነው፤ የ21 ጫማው አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለትልልቆቹም በፈቃዳቸው ያደርጉታል፤ ይህኛው ግን እንዲህ መሠራቱን ከፋብሪካው ጽሑፍ ሳታይ አትመን። ከ20 ጫማ በታች ያለው ጀልባ መሪው አካባቢ ወይም ኋላ ላይ የሚለጠፍ የአቅም ሰሌዳም ሊኖረው ይገባል፤ ስንት ሰው፣ ስንት ፓውንድ፣ እስከ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚችል ተጽፎበታል። ሰሌዳው 5 ሰው ቢል እንኳ ከነዕቃችሁ አራት ሆናችሁ መውጣት ይሻላችኋል።

አሁን ወደ መኪናህ እንሂድ፤ በእኔ እምነት ነገሩን የሚቆርጠው እሷ ናት። የ2014 ሲየና የመጎተት አቅም 3,500 ፓውንድ ነው። ሻጮች ሲያስተዋውቁ የሚናገሩት የባዶውን ጀልባ ክብደት ነው፤ መኪናህ የምትጎትተው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ነው። የ21 ጫማውን በግምት እንደምረው፦ ቦዲው 2,200፣ ሞተሩ 420፣ 60 ጋሎን ነዳጅ 370፣ ሁለት ባትሪ 100፣ መልሕቅ፣ በረዶ ያለበት ኩለርና ሌላ ዕቃ 200፣ ትሬለሩ 950። ይህ 4,240 ፓውንድ ነው፤ ከመኪናህ አቅም በ740 ይበልጣል። የ17 ጫማው ደግሞ ቦዲው 1,150፣ ሞተሩ 370፣ 25 ጋሎን ነዳጅ 155፣ ባትሪ 50፣ ዕቃ 150፣ ትሬለሩ 600፤ በድምሩ 2,475። ከአቅሟ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይጎዳት የምትስበው ሸክም እንዲህ ያለው ነው።

አብሮ አደግህ «እኔ እኮ በኮሮላ ስጎትት የነበረ ሰው አውቃለሁ» ሊልህ ይችላል። መጎተቱስ ትጎትታለች፤ ችግሩ ማቆሙ ነው። ከባድ ትሬለር ቁልቁለት ላይ መኪናዋን ከኋላ ይገፋታል፣ የካምቢዮ ዘይቷ ይቃጠላል፣ ፍሬኗ ይግላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ጠቅላላ ክብደቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ትሬለር የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ፍሬን ያለው ትሬለር ደግሞ ጨው በነካው ውሃ እየተነከረ በየዓመቱ ጥገና ይጠይቅሃል።

ስለ ሲየናህ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መጎተቻውን ሂች ስላስገጠምክ ብቻ 3,500 አይሆንላትም። የመኪናዋን መጽሐፍ ከፍተህ የመጎተቻ ዝግጅት፣ በተለይ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ይዛ መምጣቷን አረጋግጥ። ከትሬለሩ ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶው ሂቹ ላይ ማረፍ አለበት። ለ17 ጫማው ይህ ከ170 እስከ 250 ፓውንድ ነው፤ እንደ ተሳፋሪ ቁጠረው። ከዚህ ካነሰ ትሬለሩ ሃይዌይ ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል። ሁለተኛ፣ የአንተዋ የፊት ጎማ ነጂ ከሆነች፣ ጀልባ ማውረጃው ራምፕ ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ የፊት ጎማዎቿ ይቀላሉ። ውሃው በጎደለ ሰዓት ራምፑ አረንጓዴ ዝቃጭ ይይዛል፤ ጎማው እዚያ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ስለዚህ ውሃው ከፍ ባለ ሰዓት አውጣ፤ የፊት ጎማዎቿ ደረቁ ላይ እንዲቆሙ አድርግ። በ2,475 ፓውንድ ይህ ይሠራል። በ4,240 ግን መኪናህን ሌላ ሰው ነው የሚጎትትልህ።

ቀጥሎ፣ ጀልባው የሚያድረው የት ነው? የታውንሃውስ ነዋሪ ስለሆንክ ሌላ ነገር ከማድረግህ በፊት የቤት ባለቤቶች ማኅበራችሁን ደንብ አንብብ። ብዙዎቹ ትሬለር በግቢ ውስጥ ማቆም ይከለክላሉ፤ ቅጣቱም በየቀኑ የሚቆጠር ይሆናል። ከከለከሉ የማቆሚያ ቦታ መከራየት አለብህ፤ በአካባቢህ በወር 100 ዶላር ገደማ አስብ። ይህች ወጪ ናት የብዙ ሰው ሒሳብ ውስጥ ሳትገባ ቀርታ በኋላ ቤት የምትረብሸው።

እንግዲህ ምክሬ ወደ 17 ጫማው እንደሚያዘነብል ገብቶሃል። ይቆጭሃል የተባልከው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። የ21 ጫማው ሞገድ ላይ ይለዝባል፣ አንዳንዶቹም መሪው ውስጥ ትንሽ መጸዳጃ አላቸው። የ17 ጫማው ላይ መጸዳጃ የለም፣ ጥላም ያለው እንደሆነ የሸራ ብቻ ነው። ለባለቤትህና ለልጆችህ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከእነሱ ጋር ስትወጣ የሦስት ሰዓት ጉዞ አድርገው። ፖቶማክ የሚገባበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ ገደማ ነው። ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲመታው ሞገዱ ረጅም አይሆንም፤ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ እየተከታተለ ይደበድባል። በ17 ጫማ ጀልባ፣ በመጀመሪያ ዓመትህ ነፋሱ ከ10 ኖት (የባሕር ላይ ፍጥነት መለኪያ) በላይ የተተነበየ ቀን አትውጣ። 15 ካለ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ቢጋብዝህም እምቢ በል።

የ17 ጫማውን ልታይ ስትሄድ የታችኛውን ቅርጽ ተመልከት። ከኋላ ሆነህ ስታየው የ«V» ቅርጹ ማዕዘን ከ13 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ለዚህ ውሃ ይስማማል። ጠፍጣፋ ከሆነ ጥልቀት የሌለው ቦታ ይገባልሃል፣ ነዳጅም ይቆጥባል፤ ነገር ግን ወገብህን ሞገዱ ያወላልቀዋል። ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነው ሞገዱን ይቆርጣል፤ ቆመህ ስታጠምድ ግን ግራና ቀኝ ይንከባለላል፣ ለመነሳትም የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የ20 ዓመት ጀልባ ስትገዛ የምትገዛው ርዝመት አይደለም፤ ሞተሩንና ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ ነው። ይህ ግድግዳ ትራንሰም ይባላል። በዚያ ዘመን ከተሠሩት አብዛኞቹ ውስጡ ኮምፔንሳቶ፣ ላዩ ፋይበርግላስ ነው። በብሎን ቀዳዳ በኩል ውሃ ገብቶ ኮምፔንሳቶው ከበሰበሰ፣ ላዩ እያብረቀረቀ 370 ፓውንድ ሞተር የተንጠለጠለው በበሰበሰ እንጨት ላይ ነው። ማሳደሱ በብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ አንተ ባለህ በጀት የጀልባው ሞት ማለት ነው። የፕላስቲክ መዶሻ ይዘህ ሂድና ግድግዳውን በየእጅ ስፋቱ ቀስ ብለህ ምታው። ጤነኛው ጠንካራ፣ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ካርቶን ይታፈናል። ከዚያ ሞተሩን ግማሽ ድረስ ወደ ላይ አንሳና የታችኛውን ጫፉን ይዘህ በክብደትህ ወደ ታች ተጫነው፤ ጓደኛህ ግድግዳውን ይይ። ግድግዳው ከሞተሩ ጋር ከተንቀሳቀሰ ወይም በብሎኖቹ ዙሪያ ቡናማ ውሃ ካንጠባጠበ፣ ሻጩን አመስግነህ ውጣ። ዋጋ ለመቀነስ እንኳ አትከራከር።

ወለሉን በተረከዝህ እየረገጥክ ሂድበት፤ በተለይ የመሪው እግር ዙሪያና የወንበሮቹ ብሎኖች ያሉበትን። የሚለሰልስ ቦታ ካለ ከሥሩ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ቅድም የነገርኩህ ፎም ለብዙ ዓመት ውሃ ላይ ከተኛ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ያን ጊዜም ማንሳፈፉ ይቀንሳል። ይህን በዓይን አታየውም፤ በሚዛን ግን ይታወቃል። ሻጩ ከፈቀደ ጀልባውን ከነትሬለሩ ከባድ መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቁሙት። ፋብሪካው ከጻፈው ክብደት፣ ከሞተር፣ ከነዳጅና ከትሬለር ድምር በ300 እና 400 ፓውንድ ከበለጠ ትርፉ ውሃ ነው። ወለሉ ላይ ያለውን ክብ ክዳን ከፍተህ የነዳጅ ታንኩንም በባትሪ መብራት እየው። ከወለሉ በታች በፎም የተቀበረ አሉሚኒየም ታንክ ከሆነ፣ እርጥብ ፎም እየበላው በ20 ዓመቱ መብሳት ይጀምራል፤ ለመቀየር ወለሉ ይቆረጣል። የቤንዚን ሽታ ካለ ጥያቄው እዚያ ላይ አበቃ።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ለሻጩ አስቀድመህ ደውልና «እኔ ሳልመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው» በለው፤ ስትደርስ በእጅህ ነክተህ መቀዝቀዙን እይ። ችግር ያለበት ሞተር ከሞቀ በኋላ ችግሩን ይደብቃል። ሲነሳ ከጎኑ የሚወጣው የውሃ ክር ጠንካራና የማያቋርጥ መሆን አለበት፤ ደካማ ከሆነ የውሃ ፓምፑ ጎማ አልቋል ወይም መንገዱ በጨው ተዘግቷል። ከታችኛው ክፍል ትንሽ የማርሽ ዘይት አስወጣና ቀለሙን እይ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ያ ውሃ በክረምት በረዶ ሆኖ ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዚያ መካኒክ ቅጠር፤ ከ150 እስከ 250 ዶላር ያስከፍልሃል። የአራቱን ሲሊንደር ኮምፕረሽን (አየር የሚጨምቁበትን ግፊት) ይለካ። 180፣ 178፣ 182፣ 175 ቢያነብ ደህና ነው። እርስ በርሳቸው ከ10 በመቶ በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ አንዱ 140 ካለ ሞተሩ አልቋል። ኮምፒውተር ሰክቶም ስንት ሰዓት እንደሠራ ያውጣልህ። ሻጩ «200 ሰዓት ብቻ ነው» ያለው 1,100 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። 1,100 በራሱ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ውሸቱ ነው።

በመጨረሻ ውሃ ላይ ይሞከር። በሙሉ ጋዝ ስትነዳው ያማሃ 90 ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ድረስ መድረስ አለበት። 4,500 ላይ ከቆመ ወይ ፕሮፔለሩ አይስማማውም፣ ወይ ሞተሩ ደክሟል፣ ወይ ጀልባው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ሻጩ «ውሃ ላይ አላወርድም» ካለ፣ ገንዘብህም ከኪስህ አይወርድም።

ስለ ኤቪንሩዱ አንድ ቃል፦ ኩባንያው ቢአርፒ የኤቪንሩድ ሞተሮችን ማምረት ያቆመው በ2020 ነው። አሁንም የሚሠሩ ጥሩ ጥሩ ሞተሮች አሉ፣ ዕቃም ይገኛል፤ ግን የሚያውቀው መካኒክ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጀልባህ ይህን ፈተና ምን አስመረጠህ? አዲስ 90 የፈረስ ጉልበት ሞተር ማስገጠም ዛሬ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ያረጀ ቦዲ ላይ ያለ ጤነኛ ሞተር፣ ያማረ ቦዲ ላይ ካለ የደከመ ሞተር ይሻልሃል።

ትሬለሩን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ጉዞ የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጎማው ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብብ፦ 2318 ቢል በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም 6 ዓመት ያለፈው የትሬለር ጎማ ፀሐይ ስለሚያደርቀው ሃይዌይ ላይ ይፈነዳል። ስኮርታ ይኑርህ። ኩሽኔታውን ለማየት ጎማውን በክሪክ አንስተህ አሽከርክረው፤ የሚያንቋቋ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ይቀየር። ከ15 ማይል ጉዞ በኋላ ቆመህ በእጅህ ጀርባ መሀሉን ንካው፤ ሞቅ ቢል ደህና ነው፣ ካቃጠለህ ግን ግራሶ አጥቷል። ራምፕ ስትደርስም ወዲያው አታውርደው፤ የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በላስቲኩ በኩል ይስበዋል። ያን 10 ደቂቃ ዕቃ በመጫን አሳልፈው። ደግሞ የጀልባውን የውሃ ማፍሰሻ ክዳን ማሰርህን ያን ጊዜ አረጋግጥ፤ ስንቱ ነው እሱን ረስቶ ራምፑ ላይ የሰመጠው!

ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ለባለቤትህም እንዲሁ አሳያት። ምርመራው ጥቃቅን ነገር ካሳየህ 9,200ውን ወደ 8,300 ማውረድ ትችል ይሆናል። የቨርጂኒያ የጀልባ ሽያጭ ታክስ 2 በመቶ ነው፤ 170 ገደማ። ሦስት ጎማ 350። ኩሽኔታ 150። የውሃ ፓምፕ፣ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ውሃ ከነዳጅ የሚለይ ማጣሪያ፦ 600። ላይፍ ጃኬት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የአደጋ ምልክት፣ መልሕቅ ከ150 ጫማ ገመድ ጋር፦ 400። ኢንሹራንስ 350። የማቆሚያ ኪራይ ለዓመት 1,200። ድምሩ 11,520 ይመጣል። የቀረችው 480 ለመካኒኩና ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች ነዳጅ ናት። ዋጋዎቹ ግምት ናቸው፤ አንተ ስልክ እየደወልክ አስተካክላቸው። የምትኖርበት ከተማ በየዓመቱ በጀልባ ላይ ግብር ይጥል እንደሆነም ጠይቅ። የ21 ጫማውን በ11,500 ብትወስደው ግን እነዚህን ሁሉ የምትከፍለው ከቤት ኪራይ ነው። እሷ ይህን ሳትቆጥር በልቧ አውቃዋለች መሰለኝ።

የአብሮ አደግህ ነገር ከባድ ነው፤ ሰው ላለማስቀየም ብዙ ይከፈላል። በጋራ መግዛት ክፉ አይደለም። ግን ሞተር ሲበላሽ ማን ይከፍላል? ሐምሌ ላይ ጥሩ ቅዳሜ የማን ናት? እሱ ሲነዳ ሰው ቢጎዳ በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ስምህ አለ። ይህን ሁሉ ጽፋችሁ የምትፈራረሙ ዓይነት ጓደኛሞች ናችሁ? ካልሆናችሁ «ጀልባው የእኔ ይሁን፣ አንተ በወጣህ ቁጥር ነዳጁን ተጋራኝ» በለው። የሚወድህ ከሆነ ሁለተኛው ጉዞ ላይ ይረሳዋል።

ወደ ውሃው ፍርሃት ልመለስ። በቨርጂኒያ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለው ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሁሉ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው። ቦትዩኤስ ፋውንዴሽን የሚባለው የጀልባ ደኅንነት ድርጅት በነፃ በኢንተርኔት ይሰጠዋል። ሁለታችሁም ውሰዱት፤ እሷም። አንተ ብትወድቅ ጀልባውን መልሳ መጥታ የምታነሳህ እሷ ናትና። አራታችሁም በአካባቢያችሁ የመዝናኛ ማዕከል ዋና ተመዝገቡ፤ ጀልባው ባይገዛም ገንዘቡ አይባክንም። የፖቶማክ ውሃ በአብዛኛው የሜሪላንድ ነው። በሜሪላንድ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት። በእናንተ ቤት ግን አባትየውም ይልበስ፤ ልጆች የሚያዩት አንተን ነው። ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ከራስህ ጋር ማሰርም ከ2021 ሚያዝያ ጀምሮ ፍጥነት ላይ ሳለህ የፌዴራል ግዴታ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ደግሞ አንድ ነፋስ የሌለበት ቀን ይህን የመሰለ ጀልባ ለግማሽ ቀን ተከራይተህ ባለቤትህን ብቻ ይዘሃት ውጣ። ልጆቹ ይቅሩ። መንጠቆም አትያዝ። ልታሳምናት አትሞክር፤ መሪውን ስጣትና ምን እንደተሰማት ስትመለሱ ጠይቃት። «አሁንም አልፈልግም» ብትልህስ? ያን ጊዜ ልጆቹ ዋና እስኪችሉ ብቻህን ወይም ከአብሮ አደግህ ጋር የምትወጣበትን ስምምነት ጠይቃት። ይህ ለእሷም የሚከብድ አይመስለኝም።

ገዝተህ ስትጀምር የመጀመሪያው ወር ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይለፍ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትሬለሩን ወደ ኋላ መንዳት ተለማመድ፤ እጅህን ከመሪው ታች ያዝ፣ እጅህ የሄደበት ትሬለሩም ይሄዳል። ቀጥሎ ሊሲልቬንያ ስቴት ፓርክ ካለው ራምፕ ፖቶማክ ላይ ውረድ። ከዝናብ በኋላ ወንዙ ግንድ ይዞ ስለሚወርድ ያን ሳምንት ተወው። ብሉ ካትፊሽ የሚሉት አምባዛ መሰል ዓሣ ሞልቶልሃል፤ መጤ ዝርያ ስለሆነ ሜሪላንድ የፈለግከውን ያህል ብትይዝ ደስ ይላታል። ቅርፊት ስለሌለው እናትህ ብትኖር ምን እንደምትል አላውቅም፤ ቅርፊት ያለው ከፈለግክ ዋይት ፐርች አለልህ። ሮክፊሹ መጠኑና ወቅቱ በየዓመቱ ስለሚቀየር መንጠቆ ከመጣልህ በፊት የዓመቱን ደንብ አንብብ። አናፖሊስ አጠገብ ያለውን ሳንዲ ፖይንትና ሰፊውን ባሕር ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው።

ለቅዳሜው ሻጭ ዛሬውኑ «አልመጣም፣ ለሌላው ስጥ» ብለህ ደውልለት። የ17 ጫማውን ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቀው፦ የጀልባውና የትሬለሩ የባለቤትነት ወረቀት በስሙ ነው? ወረቀቱ ላይ ያለው ባለ 12 ፊደልና አሃዝ መለያ ከኋላ በቀኝ በኩል ካለው ጋር ይገጥማል? ሞተሩንስ መካኒክ እንዲያየውና ውሃ ላይ እንዲሞከር ይፈቅዳል? ሦስቱንም እሺ ካለህ፣ ጀልባውን ልታይ ስትሄድ ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ፤ መዶሻውን እሷ ትያዘው።